ለትምህርት ቤት ምገባ የመንግሥት በጀት መጠየቅ፦ በጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወላጆች ስብሰባ፣ በእድር ድንኳንና በመምህራን ማረፊያ ክፍል ደጋግመው ለሚነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

የትምህርት ቤት ምገባ ሲባል ምን ማለት ነው?

ተማሪ በትምህርት ቀን፣ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ በታወቀ ሰዓት የሚቀርብለት የበሰለ ቁርስ ወይም ምሳ ነው። በችግር ጊዜ ለቤተሰብ ከሚታደል የዕርዳታ እህል የሚለየው ከትምህርት ቀን ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው፤ ልጁ ካልመጣ አይበላም፣ ትምህርት ሲዘጋም ምገባው ይቆማል። በኢትዮጵያ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ደግሞ ከአካባቢው አርሶ አደር በሚገዛ እህል የሚካሄድ ምገባ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል ተሞክሯል። በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በራሱ በጀት ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ያቀርባል። በስብሰባዎቻችን ላይ «ለእኛስ ልጆች?» የሚል ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ምሳሌም ይኸው ነው።

ጅማ ዝናብ የማያጣ፣ ቡናና በቆሎ የሚበቅልበት አካባቢ በመሆኑ «ለምለም አገር ላይ ምገባ ለምን አስፈለገ?» የሚሉም አይጠፉም። ነገር ግን የአገር ልምላሜና የአንድ ቤት ሌማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መሬት የሌለውና በቀን ሥራ የሚተዳደር የከተማ ቤተሰብ በቆሎውን እንደ ማንኛውም ሸማች በኪሎ ገዝቶ ነው የሚበላው።

ልጅን ማብላት የወላጅ ኃላፊነት አይደለም ወይ?

ነው፤ ምገባውም ከወላጅ ላይ አይወስደውም። ከቀኑ ሦስት ማዕዶች አንዱን ብቻ ይሸፍናል፣ እሱንም ልጁ ከቤቱ ርቆ በሚውልበት ሰዓት። ከሄርማታ ገበያ አትክልት አውርዳ የምትቸረችር እናት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት ትወጣለች፤ ልጆቹ ከትናንት የተረፈ ነገር ካለ ቀምሰው፣ ከሌለም ሻይ ጠጥተው 2 ሰዓት ላይ ሰልፍ ይቆማሉ። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚደፋውን ልጅ መምህሩ «ሰነፍ» ብሎ ከመመዝገቡ በፊት ምን በልተህ መጣህ ብሎ ቢጠይቀው ነገሩ ይገለጥለታል። ከእረፍት በኋላ የሚጎድሉትን ተማሪዎች የሚቆጥር የክፍል ኃላፊ መምህርም ያው ልጆች በየዕለቱ እንደሚጎድሉ ያያል።

በአካባቢያችን ሌላም ምክንያት አለ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት በከተማው ዳር ያሉና በማና፣ በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳ የሚማሩ ልጆች ከክፍል ይልቅ ማሳ ውስጥ ይገኛሉ፤ ለቀማው የዕለት ገንዘብ ያስገኛልና። አንድ ሳህን ምሳ የለቀማውን ገቢ ባይተካም፣ ቢያንስ «ትምህርት ቤት ውሎ ተርቦ ከሚመለስ ይልቀም» የሚለውን የወላጅ ስሌት ይቀይራል።

ምገባ የትምህርት ውጤትን በእርግጥ ያሻሽላል?

መገኘትንና ምዝገባን እንደሚያሻሽል በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል፤ ለውጡ ጎልቶ የሚታየውም በድሃ ቤተሰብ ልጆችና በሴት ተማሪዎች ዘንድ ነው። በፈተና ውጤት ላይ ያለው ለውጥ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መምህር በሌለበትና መጽሐፍ ለአምስት በሚዳረስበት ክፍል ውስጥ የጠገበ ልጅም ቢሆን ብዙ አይማርም። ስለዚህ በደብዳቤያችሁ ላይ «ምገባ ቢጀመር የክልል ፈተና አላፊዎች በእጥፍ ይጨምራሉ» የሚል ተስፋ አትስጡ። ከዓመት በኋላ ቁጥሩ ተጠይቆ ካልተገኘ ምገባውን ለማስቆም ምክንያት ይሆናል። ልትለኩት የምትችሉትን ብቻ ቃል ግቡ፤ ዕለታዊ መገኘት፣ ከእረፍት በኋላ መጉደልና በዓመቱ አጋማሽ ማቋረጥ።

መንግሥት ምገባን የመደጎም ሕጋዊ ግዴታ አለበት?

ሕገ መንግሥቱ «ተማሪ ይመገብ» የሚል አንቀጽ የለውም፤ አለው ብሎ የሚከራከር ሰው ጉዳዩን ያበላሻል። ያለው ነገር ግን ቀላል አይደለም። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ትምህርትና ምግብ እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። «እየጨመረ የሚሄድ» የሚለው ቃል ለጠያቂ ጠቃሚ ነው፤ ዘንድሮ ከአምና ያነሰ ወይም ምንም ያልተመደበ እንደሆነ የሚጠየቅበት መሠረት ነውና።

ፍርድ ቤት የሄዱ አገሮችም አሉ። በህንድ ራጃስታን የሲቪል መብት ተሟጋቾች ያቀረቡትን ክስ የተመለከተው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ እንዲያቀርቡ አዟል። በእኛ ሁኔታ ግን መንገዱ ከፍርድ ቤት ይልቅ በምክር ቤት በኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄውን ለማን እናቅርብ? ለዞኑ ነው ወይስ ለከተማው?

ብዙ ድካም በከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። የጅማ ዞን መሥሪያ ቤቶች ጅማ ከተማ ውስጥ ስለሚገኙ ሰው በቅርብ ያገኘው በር ይገባል፤ ይሁን እንጂ የከተማው አስተዳደርና ዞኑ የተለያዩ የበጀት አካላት ናቸው። ልጃችሁ በከተማው አስተዳደር ሥር ባለ ትምህርት ቤት ከተማረ ጥያቄው ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ በቀርሳ ወይም በዴዶ ከተማረ ለየወረዳው ነው።

መነሻው የትምህርት ቤቱ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት የሚይዘው ቃለ ጉባኤ ነው። ከዚያ በርዕሰ መምህሩ መሸኛ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይቀርባል፤ ጽሕፈት ቤቱ በዕቅዱ ውስጥ ካስገባው ወደ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ካቢኔ፣ በመጨረሻም ወደ ከተማው ምክር ቤት ይሄዳል። ግልባጭ ለጤና ጽሕፈት ቤት፣ ለሴቶችና ሕጻናት ጉዳይ እንዲሁም ለምክር ቤቱ ማኅበራዊ ጉዳዮችን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ መስጠት ይበጃል። ከከተማው አቅም በላይ የሆነው ጥያቄ ለክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ በተመራጮች በኩልም ለጨፌ ኦሮሚያ ይቀርባል።

መቼ ነው የሚጠየቀው?

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። መሥሪያ ቤቶች የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ የሚያዘጋጁት በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት በጀቱ ይሰማል፣ ይቀነሳል፣ ይከራከሩበታል፤ ክልሉ ድጎማውን ካሳወቀ በኋላም ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ስለዚህ ደብዳቤ የሚገባበት ጊዜ ጥር ነው፤ ተመራጭን የሚያነጋግሩበት ጊዜ ሚያዝያ ነው።

እኔ ያለሁበት ኮሚቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ያስገባው ነሐሴ ላይ ነበር፣ ትምህርት ሊከፈት ነው ብለን ተጣድፈን። መዝገብ ቤቱ ቁጥር ሰጥቶ በትሕትና ተቀበለን፤ ኃላፊውም በትሕትና «በጀቱ እኮ ጸድቋል» አሉን። አንድ ዓመት ጠበቅን። ስሕተቱ የእነሱ አልነበረም።

ደብዳቤው ምን ይዘት ይኑረው? በየትኛውስ ቋንቋ ይጻፍ?

የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ወደ መሥሪያ ቤት የሚገባው ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ መጻፍ አለበት። ይህን ጽሑፍ በአማርኛ የሚያነብ ወላጅ ጥያቄውን በአማርኛ አርቅቆ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከመግባቱ በፊት የሚያርመው መምህር አያጣም። በአማርኛ የገባ ደብዳቤ ባይመለስ እንኳ ለስብሰባ ሲቀርብ በሌላ ሰው አፍ ተተርጉሞ ነው የሚቀርበው፤ ቁጥሩም ሐሳቡም መንገድ ላይ ይሳሳል።

ይዘቱ ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የትምህርት ቤቱ ተማሪ ብዛት በክፍልና በፆታ፣ የአንድ ወር የመገኘት መዝገብ፣ የተጠየቀው ገንዘብ መጠን፣ ገንዘቡ በየትኛው የበጀት ርዕስ ይያዝ የሚለው፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ያዘጋጀው (ኩሽና፣ ውኃ፣ መጋዘን) እና የቃለ ጉባኤው ቅጂ ይካተቱ። ስለ ረሃብ የሚያስለቅስ ሁለት አንቀጽ መጻፍ ይቀናል፤ እኔ ግን አንድ ሰንጠረዥ ይሻላል እላለሁ። የፋይናንስ ባለሙያው በዕቅድ ቅጹ ላይ የሚሞላው ቁጥር ነው፤ ቁጥር ካልሰጣችሁት ራሱ አይፈጥረውም።

መረጃ ለመሰብሰብ አቅም ካጣችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲን አስታውሱ። ተቋሙ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ የታወቀ ነው፤ ተማሪዎቹ በየሠፈሩ ወጥተው የጤናና የኑሮ ጥናት ያደርጋሉ። ስለ ተማሪዎች ቁርስ የሚጠይቁ ጥቂት ጥያቄዎች በጥናታቸው እንዲገቡ በወቅቱ መጠየቅ አያሳፍርም።

የአንድ ትምህርት ቤት ዓመታዊ ወጪ እንዴት ይሰላል?

ከብር ሳይሆን ከግራም ጀምሩ። ለአንድ ልጅ በቀን 120 ግራም የበቆሎ ክክ ወይም ዱቄት፣ 30 ግራም ቦሎቄ፣ 8 ግራም ዘይትና 3 ግራም ጨው ብትይዙ ወደ 600 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ይህም የአንድ አንደኛ ደረጃ ተማሪ የቀን ፍላጎት ሲሶ ያህል ነው። 600 ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት በቀን 72 ኪሎ በቆሎ፣ 18 ኪሎ ቦሎቄ፣ 4.8 ኪሎ ዘይትና 1.8 ኪሎ ጨው ይሆናል። በ200 የትምህርት ቀን ስታባዙት 144 ኩንታል በቆሎ፣ 36 ኩንታል ቦሎቄ፣ 960 ኪሎ ዘይትና 360 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል። ዋጋውን ከሦስት ነጋዴ በፕሮፎርማ ሰብስቡ፤ ለዋጋ ንረት መጠባበቂያ ጨምሩ።

ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው እህሉን አስልቶ ሲያበቃ ነው። ወፍጮ፣ ማጓጓዣ፣ ሳሙና፣ ሳህንና ማንኪያ፣ የምግብ አብሳዮች ክፍያ፣ ከሁሉም በላይ ማገዶ ይረሳል። ጅማ ላይ ማገዶ የራሱ ታሪክ አለው። ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ስለሚመላለስ ክፍት ቦታ ላይ የተከመረ እንጨት ይርሳል፤ የረጠበ እንጨት ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ 5 ሰዓት ላይ መድረስ የነበረበት ምግብ 7 ሰዓት ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ወደ ቤቱ ሄዷል። ለእንጨት ማስቀመጫ ቆርቆሮ የለበሰ ጥላ እና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መጠየቅ ቅንጦት መስሏቸው የሚሰርዙ አሉ። አታሰርዙ።

የግዥው ወቅትም ዋጋውን ይወስነዋል። በጀት የሚለቀቀው ከሐምሌ ጀምሮ ነው፤ በቆሎ የሚወደደውም ያኔ ነው። አዲሱ ምርት ገበያ ከገባ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ከአርሶ አደር መሠረታዊ ማኅበራት በብዛት መግዛት ወጪውን ይቀንሳል። ይህን ስታቅዱ ግን ደረቅ መጋዘን ይኑራችሁ። በእርጥበት የተከማቸ በቆሎ ነቀዝ ብቻ ሳይሆን ሻጋታም ያፈራል፤ የሻጋታው መርዝ፣ አፍላቶክሲን የሚባለው፣ በማብሰል አይጠፋም።

በመደበኛ በጀት ነው ወይስ በካፒታል በጀት የሚጠየቀው?

በሁለቱም፣ ነገር ግን ለያይታችሁ። ኩሽና፣ መጋዘን፣ የውኃ ታንከርና ምድጃ ካፒታል ናቸው፤ አንድ ጊዜ ተሠርተው ያበቃሉ። እህል፣ ዘይትና የአብሳዮች ክፍያ መደበኛ ወጪ ናቸው፤ በየዓመቱ ይመጣሉ። ለካፒታሉ ገንዘብ ማግኘት ይቀላል፤ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ፎቶ ይነሣበታል፣ ለጋሽም ስሙን ግድግዳው ላይ ያጽፍበታል። ለ144 ኩንታል በቆሎ ሪባን የሚቆርጥ የለም። ውጤቱም አምሮ የተሠራ፣ የቀለም ሽታው ያልለቀቀው፣ ውስጡ የተሰባበረ ዴስክ የተከመረበት ኩሽና ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ ብትባሉ መደበኛውን ምረጡ፤ በጭስ ቤት ውስጥም ቢሆን ማብሰል ይቻላል።

ለመጠየቅ ማኅበር ሆነን መመዝገብ አለብን? ነገሩ ፖለቲካ ነው ብንባልስ?

መመዝገብ የለባችሁም። አቤቱታ የማቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተደነገገ የማንኛውም ሰው መብት ነው። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱም በትምህርት ቤቱ አደረጃጀት ውስጥ ያለ አካል ነው። እድርም ቢሆን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሥር ካልተመዘገበ አይንቀሳቀስ የሚባል አይደለም፤ አዋጁ እድርና እቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓቸዋል። የተመዘገበ አገር በቀል ድርጅት አብሯችሁ መሥራት ከፈለገም፣ ይኸው አዋጅ የሕግና የፖሊሲ ማሻሻያ እንዲደረግ የመወትወት ሥራን ፈቅዶለታል። ከዚያ በፊት በነበረው በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ግን ከውጭ ምንጭ ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ ላይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር።

ፖለቲካ ነው የሚለው ነቀፋ የሚያስፈራው ጥያቄው ከማን እንደመጣ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ስለዚህ ሽማግሌው፣ የመስጊዱ ኢማም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ፣ የእድሩ ዳኛና የመምህራን ተወካይ በአንድ ወረቀት ላይ ይፈርሙ። በጅማ ይህን ማድረግ አይከብድም፤ ለቅሶ ላይ እንደሆነ እነዚሁ ሰዎች በአንድ ድንኳን ሥር ነው የሚቀመጡት።

የጾም ቀናትና ረመዳን ሲመጣ ምገባው እንዴት ይሆናል?

ቀላሉ መፍትሔ ከመጀመሪያው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ዋና የምግብ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው፦ ንፍሮ፣ ሽሮ በእንጀራ፣ በዘይት የተሠራ ቅንጬ፣ ምስር በሩዝ። ይህ ዝርዝር ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንም ያለ ለውጥ ያልፋል፤ የእርድ ጥያቄም አያስነሣም። እንቁላል ከተገኘ በፍስክ ቀን እንደ ጭማሪ ይሰጥ።

ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ የምግብ መርሐ ግብሩ በየዓመቱ ይስተካከል። ትልልቆቹ ልጆች ይጾማሉ፤ የመዋዕለ ሕጻናትና የታችኛው ክፍል ልጆች ግን አብዛኞቹ አይጾሙም፣ ስለዚህ ኩሽናው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ዋናው ጥንቃቄ የጾሙት ተማሪዎች ድርሻ «ወጪ» ተብሎ እንዳይመዘገብ ነው። ወይ በመጋዘን ይቆይ፣ ወይም በኮሚቴው ውሳኔ በደረቁ ወደ ቤት ይላክ።

ሁሉም ተማሪ ይመገብ ወይስ ድሃው ብቻ?

ገንዘቡ ለሁሉም ካልደረሰ በክፍል ደረጃ መከፋፈል በልጆች መካከል ከመምረጥ ይሻላል። ከመዋዕለ ሕጻናት እስከ 4ኛ ክፍል ያለው ሁሉ ይብላ ቢባል ማንም አይሸማቀቅም። «የድሃ ልጆች ስም ዝርዝር» ተለጥፎ ሲጠሩ ግን፣ መጀመሪያ የሚቀሩት ራሳቸው እነዚያው ልጆች ናቸው። የ12 ዓመት ልጅ ረሃብን ከማፈር አስበልጦ አይፈራም። መልማዩ ማነው፣ ማን ማንን አስገባ የሚለው ጭቅጭቅም ኮሚቴውን ያፈርሳል።

ወላጅ መዋጮ ካዋጣ መንግሥት ይዘናጋል ወይስ ይነሣሣል?

ይህ ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ነው፤ በኮሚቴያችን ውስጥም ሰዎች እስከ ዛሬ ይለያዩበታል። በኦሮሚያ የምገባው አካሄድ የመንግሥት በጀትንና የኅብረተሰብ ተሳትፎን ያጣመረ በመሆኑ «ምንም አናዋጣም» ብሎ መቅረብ ጥያቄውን በር ላይ ያስቀረዋል። በሌላ በኩል ሕዝቡ ሙሉውን ከሸፈነ በጀት ክርክሩ ላይ «እዚያ እኮ ኅብረተሰቡ እየሠራው ነው» ተብሎ ይታለፋል። በሁለቱም በኩል እውነት አለ።

እኔ የምመርጠው መዋጮው በዓይነትና በጉልበት ተወስኖ፣ ከመንግሥት ገንዘብ ጋር በጽሑፍ ታስሮ እንዲቀርብ ነው። ለምሳሌ ወላጆች ማገዶ፣ የኩሽና ግንባታ ጉልበትና በመኸር ጊዜ ከየቤቱ የተወሰነ ጣሳ በቆሎ ይሰጣሉ፤ መንግሥት ቦሎቄ፣ ዘይት፣ ጨውና የአብሳይ ክፍያ ይመድባል፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ በሁለቱም ወገን ይፈረማል። እንዲህ ሲሆን የአንዱ መቅረት ወዲያው ይታያል። መዋጮው ፈቃደኝነት መሆኑ ግን በግልጽ ይጻፍ፤ ወላጁ አላዋጣም ተብሎ ከሰልፍ የወጣ ልጅ ካለ ሥራው ከተነሣበት ዓላማ ወጥቷል።

ለክርክር የሚሆን አንድ ቁጥር አለ። በዓለም ምግብ ፕሮግራም የ2022 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ 418 ሚሊዮን ሕጻናት በትምህርት ቤት ይመገቡ ነበር፤ አብዛኛው ወጪም የሚሸፈነው ከየአገሮቹ የራስ በጀት እንጂ ከዕርዳታ አይደለም። ብራዚል በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራሉ የምገባ ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ አርሶ አደሮች ለሚገዛ ምግብ እንዲውል አስገድዳ ነበር፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠሩት ምክር ቤቶችም የወላጅ ተወካዮች አሉባቸው። ሕጉን ተመራጮቻችን ፊት ስታነሡ ከበጀቱ ይልቅ አርሶ አደሩ የሚያገኘውን ገበያ አስቀድሙ፤ ጅማ ላይ ከአርሶ አደር ጋር ዝምድና የሌለው ተመራጭ ማግኘት ይከብዳል።

«በጀት የለም» ከተባልንስ?

አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። የትምህርት ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለመምህራን ደመወዝ ይውላል፤ የሚቀረው ለጠመኔም ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ ክርክሩን «ሁሉን ስጡን» ከሚለው ወደ «የበጀት ርዕሱን ክፈቱልን» ማዞር ይሻላል። የሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚሠራው የአምናውን ተመልክቶ ነው፤ በትንሽ ገንዘብም ቢሆን በስሙ የተከፈተ ርዕስ በየዓመቱ ክርክር ይነሣበታል፣ ያልተከፈተ ግን የሚያነሣው የለም። ለሁለት የታችኛ ክፍሎች ብቻ የሚሆን መጠን ጠይቁ። ከክልሉ ድጎማ ባሻገር ከተማው ራሱ የሚሰበስበው ገቢ እንዳለም አስታውሷቸው፤ በበጀት ማሰሚያው ላይ ስለዚህ ገቢ የሚጠይቅ ወላጅ ብዙም አይሰማም።

በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ሥራችን ያበቃል?

ያኔ ነው የሚጀምረው። ንብረት ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 መመዝገቡን ኮሚቴው የማየት ልማድ ያድርግ፤ የመጋዘኑ በር ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ በንብረት ክፍል፣ አንዱ በወላጅ ተወካይ እጅ። በየሳምንቱ የገባውና የወጣው ኪሎ፣ የተመገቡት ተማሪዎች ቁጥርም በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

ትንሽ ነገር ግን ብዙ የሚያጠፋ ጉዳይ ጭልፋው ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጭልፋ የበሰለ ምግብ በሚዛን ይለካ፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ጭልፋ ብቻ ይቀዳ። አንድ አብሳይ በትልቁ፣ ሌላዋ በትንሹ ስትቀዳ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያሉት የ1ኛ ክፍል ልጆች ባዶ ድስት ይጠብቃቸዋል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ሁሉም በልተዋል።

ቃል ተገብቶልን ዝም ከተባለስ?

በቃል የተባለን ነገር በጽሑፍ አድርጉት፤ ከስብሰባው ማግስት «በተነጋገርነው መሠረት» ብላችሁ አጭር ደብዳቤ አስገቡ፣ የመዝገብ ቤት ቁጥሩንም ያዙ። የጸደቀው በጀት ስንት እንደሆነና ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደዋለ የመጠየቅ መብት አላችሁ። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንግሥታዊ አካል ለጽሑፍ ጥያቄ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። መረጃው ከተከለከላችሁ ወይም ጥያቄያችሁ ያለ ምክንያት ከተንከባለለ አቤቱታ የሚቀርብበት የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ተመራጩን ወደ ትምህርት ቤቱ ጋብዙት፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሳይሆን 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እረፍት አብቅቶ ልጆቹ ወደ ክፍል ሲመለሱ። የክፍል ኃላፊው ስም ሲጠራ አጠገቡ ይቁም።